ድልድዩ እስኪወርድ

ባለፈው ወር ለሥራ ጉዳይ ወደ ወደቡ ስነዳ የመኪናዬን መስኮት ከፍቼ ነበር። የናፍጣ፣ የጨውና የዓሣ ሽታ አንድ ላይ ገባ። ሽታውን ወዲያው አወቅኩት፤ ቦታውን ግን አላወቅኩትም። ድልድዩ ተቀይሯል። አዲሱ ሰፊ፣ ከፍ ብሎ የተሠራ፣ የማይነሳ፣ የማይወርድ፣ ማንንም የማያስቆም ድልድይ ነው። ትራክ ነጂዎቹ ሁሉ ተገላገልን ብለዋል አሉ። እኔ ግን ተናደድኩ። በዘጠኝ ዓመቴ አንድ ክረምት ሙሉ ስጠብቅበት የኖርኩትን ቦታ ሳላውቀው አልፌው ሄድኩ።

ክረምት የምለው በቤታችን አጠራር ነው። ሎስ አንጀለስ ሐምሌና ነሐሴ ጠብታ አይወርድባትም፤ አባቴ ግን ትምህርት ቤት ከተዘጋ ክረምት ነው ብሎ ያምን ነበር። የዚያን ዓመት ክረምት እናቴ ቤት አልነበረችም።

የምንኖረው ሚድ ዊልሻየር፣ ከፌርፋክስ ብዙም በማይርቅ አፓርታማ ውስጥ ነበር። አባቴ ታክሲ ይነዳል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ አይጮህም፣ አይሳደብም፣ እጁንም አያነሳም። የእሱ በሽታ ኩርፊያ ነበር። አንዴ ካኮረፈ አፉን ይዘጋል፤ መክፈቻውን የት እንደጣለው እሱ ራሱ የሚያውቅ አይመስለኝም። በዚያ ዓመት ከእናቴ ጋር በምን እንደተጣሉ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ብቻ ከገና በኋላ አኮረፈ፤ ዐቢይ ጾም ገባ፣ ፋሲካ ሆነ፣ እሱ እንዳኮረፈ ነው።

በመካከላቸው የምመላለሰው እኔ ነበርኩ። «ለእናትሽ ወጡ ጨው አንሶታል በያት» ይለኛል። እናቴ እዚያው ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣለች። እኔ ወደ እሷ ዞሬ እናገራለሁ። «ጨው ፊቱ ነው ያለው በዪው» ትለኛለች። ደግሞ ወደ እሱ እዞራለሁ። እውነቱን ለመናገር ሥራዬን እወደው ነበር። አንዳንዴ መልእክቱ ደረቅ ሲሆንብኝ «እባክህ» የምትል ቃል ከራሴ ጨምሬ አደርሳለሁ፤ እናቴ ስትሰማኝ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ትይዛለች። ያለ እኔ ያ ቤት አንድ ቀን የሚያድር አይመስለኝም ነበር።

ከፋሲካ በኋላ አንድ እሑድ እናቴ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። ወደቡ አካባቢ ዘመድ ነበራት፤ የምታድረው ሶፋ ላይ ስለሆነ እኔን ልትወስደኝ አልቻለችም። «የራሴን ቤት እንደያዝኩ እወስድሻለሁ» አለችኝ። ከዚያ ከድልድዩ ማዶ ያለው ደሴት ላይ፣ ዓሣ የሚያሽግ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ አገኘች። ቤታችን ውስጥ መልእክት የሚልክ ጠፋ። አባቴ የሚያኮርፈው ሰው ስላልነበረ ከእኔ ጋር እንደ ልቡ ማውራት ይችል ነበር፤ ግን ልማዱ ጠፍቶበት ነው መሰለኝ፣ «በላሽ?» «በላሁ።» «በይ ተኚ።» ይቺው ነበረች የቀኑ ወሬያችን። ማታ ማታ የማቀዝቀዣውን ድምፅ እየሰማሁ እተኛለሁ። በጣም ብቸኛ ነበርኩ። ያን ጊዜ ቃሉን አላውቀውም፤ ሆዴን ነው የሚያመኝ እል ነበር።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ የት ትዋል የሚለው ነገር መጣ። ያኔ ነው ጋሽ ዘውዱ «እኔ ጋ ትዋል» ያለው። ጋሽ ዘውዱ ፌርፋክስ ላይ ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ጀርባ ያለውን ፓርኪንግ የሚጠብቅ፣ ረጅም፣ ቀጭን ሽማግሌ ነው። ከብርጭቆ በተሠራች አንዲት ክፍል ውስጥ፣ የሰው መኪና ቁልፍ በተንጠለጠለበት ሰሌዳ ሥር አስቀምጦኝ ይውላል። አባቴን ከአባት ባላነሰ ይቆጣጠረው ነበር፤ ምክንያቱም እናቴን ለአባቴ ሽማግሌ ሆኖ ሄዶ የጠየቀው እሱ ነው። በእኛ ዘንድ ትዳር ሲናጋ መጀመሪያ የሚያፍረው እንዲህ ያለው ሰው ነው። «እኔ ነኝ ስጡን ብዬ ደጅ የቆምኩት» ይላል ሁልጊዜ። «አሁን ደግሞ ተመለሺ ብዬ የምቆመውም እኔ ነኝ።»

የእረፍት ቀኑ ረቡዕ ነው። ረቡዕ እናቴም ከሥራ ቀደም ብላ ትወጣለች። ስለዚህ ረቡዕ ረቡዕ በእሱ አሮጌ ቶዮታ ወደ ደቡብ እንወርዳለን። ሃይዌዩ ላይ ቀስ ብሎ ስለሚነዳ ከኋላችን ያለው ሁሉ ይጮህብናል፤ እሱ ግድም የለው።

መጀመሪያ ቀን ድልድዩ አፍ ላይ ስንደርስ ቀይ መብራት በራ፣ ደወል ጮኸ፣ መዝጊያው ግንድ ወረደ። ትራኮቹ ከነኮንቴይነራቸው ከፊታችንም ከኋላችንም ቆሙ።

«ጋሼ፣ ምን ሆኖ ነው?»

«ጀልባ ሊያልፍ ነው። ሶ፣ ሞተር እናጥፋ።»

ከፊታችን ሁለት ትልልቅ የብረት ማማዎች ቆመዋል። በመካከላቸው ያለው መንገድ፣ አስፋልቱ፣ የተቀባው መስመርና የዳር ብረቱ እንዳለ፣ እንደ ሊፍት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። አይከፈልም፣ አይዘምም። ዝም ብሎ ይወጣል። ከየማማው ደግሞ ቤት የሚያክል የሲሚንቶ ክብደት በገመድ እየተንጠለጠለ ወደ ታች ይወርዳል። እላዩ ላይ የቀረ መኪና ቢኖርስ ብዬ ደነገጥኩ። ከላይ፣ ከብረቱ መካከል፣ መስኮት ያላት ትንሽ ክፍል አየሁ። ውስጧ አንድ ሰው አለ።

«እሱ ማነው?»

«ድልድዩን የሚያነሳው ነው።»

«እዚያ ነው የሚኖረው?»

«እዚያ ነው የሚውለው» አለ ጋሽ ዘውዱ።

እኔ አላመንኩትም። ሚስቱን አኩርፎ የወጣ ሰው ነው ብዬ ደመደምኩ። ማንም እንዳያናግረው፣ መንገዱን ጭምር ይዞ ወደ ላይ የወጣ ሰው። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ እጄን አውለበልብለት ነበር። አንድም ቀን አልመለሰልኝም፤ ይህም አኩራፊ ለመሆኑ በቂ ማስረጃ ሆነኝ።

«ስሚ» አለኝ ጋሽ ዘውዱ። አንድ ረጅም፣ ቀጥሎ አንድ አጭር ጡሩምባ ተሰማ። «ጀልባው ክፈቱልኝ ማለቱ ነው። አሁን ድልድዩ ይመልስለታል።» እውነትም ከላይ በዚያው ልክ ተመለሰ። እኔ ትልቅ መርከብ ስጠብቅ ከሥር አንዲት ሸራ ያላት ጀልባ፣ አንድ ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ ብቻውን ተቀምጦባት፣ ቀስ እያለች አለፈች።

«ለዚህች ነው ይሄ ሁሉ ትራክ የቆመው?»

«ሕጉ ነው። በውሃ የመጣው ከጠየቀ በመንገድ ያለው ይቆማል። ትንሽ ናት ትልቅ ናት የለም።» ራሱን ነቀነቀ። በጣም ደስ ብሎታል። «እየሽ? አንድ ሰው አክብሮ ከጠየቀ እንዲህ ነው!»

እናቴን ከፋብሪካው በር ላይ ወስደን ወደ ቤቷ እንሄዳለን። በዚያን ጊዜ ከሶፋው ተነስታ፣ ከዘመዷ ቤት ጀርባ ጋራዥ የነበረ አንድ ክፍል ተከራይታ ነበር። እኔን ከመሳሟ በፊት እጇን በሎሚ ታሻለች፤ ሽታው ግን አይለቅም። እኔ ሽታው ደስ ይለኝ ነበር፤ ወደ ቤት ስመለስ ልብሴ ላይ እየቀረ አብሮኝ ይተኛል።

ምግብ ታቀርባለች። የመጀመሪያው ቀን ከፋብሪካው ያመጣችው ዓሣ ነበር። ጋሽ ዘውዱ በሩ አጠገብ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆመ።

«ይቀመጡ እንጂ፣ ጋሽ ዘውዱ።»

«የመጣሁበትን ሳታደርጊልኝ አልቀመጥም፣ ልጄ።»

«እሺ ይቅመሱ።»

«አልቀምስም።»

ረቡዕ ጾም ስለሆነ ዓሣውን ፈርቶ ነው ብዬ አሰብኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ሽሮ ሠራች። አልበላም። ምስር ሠራች። አልበላም። የእናቴን ምግብ የሚንቅ መስሎኝ ጠላሁት። ጥርሱን አሞት ይሆናል ብዬ ደግሞ አዘንኩለት። ውሃ እንኳ አይቀበልም፤ ጋራዡ ውስጥ ደግሞ ሙቀቱ እሳት ነው። ከዚያ ስንወጣ መጀመሪያ ያገኘነው ነዳጅ ማደያ ገብቶ ትልቅ ጠርሙስ ውሃ ይገዛና መኪናው ጎን ቆሞ ሳይተነፍስ ይጨርሰዋል።

በመጨረሻ ድልድዩ ላይ ቆመን ሳለ ጠየቅኩት። «የእማዬ ምግብ አይጥምህም?»

ሳቀ። «እንዴት አይጥመኝም! ምራቄን እየዋጥኩ ነው የምወጣው። ሽማግሌ ግን የለመነውን ሳያገኝ እህል አይቀምስም። ከቀመሰ ነገሩ አለቀ፣ እሺ ተባለ ማለት ነው። ሶ፣ እስክትል ድረስ እቆማለሁ።»

«ምን እስክትል?»

«እሺ እስክትል ነዋ።»

እናቴ ግን እሺ አትልም። የምትለው ሁልጊዜ አንድ ነው። «እሱ ራሱ ይምጣና በአፉ ይናገረኝ። ሌላ ምን ጠየቅኩ?» ጋሽ ዘውዱ ይህን ለአባቴ ያደርሳል። አባቴ ጣሪያውን ያያል። «ወጥታ የሄደችው እሷ ናት» ይላል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አይወጣውም። ቀስ በቀስ እናቴም ጥያቄዋን መድገም ተወች። ሐምሌ ሲያልቅ «ይቅር ጋሽ ዘውዱ፣ አይድከሙ» ማለት ጀመረች። ያንን ስሰማ ሆዴ ባሰበት።

ነሐሴ ላይ ፍልሰታ ገባ። የልጆች ጾም ነው፤ የሰፈሩ ሐበሻ ልጅ ሁሉ በኩራት የሚጾመው እሱን ነው። እኔም ጾምኩ። ፓርኪንጉ ውስጥ ተቀምጬ ከምግብ ቤቶቹ የሚመጣውን ሽታ እየተዋጋሁ ሳለ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ነገሩ ሁሉ ግልጥ ብሎ ታየኝ። ጋሽ ዘውዱ ቤቱ ሄዶ ይበላል፤ ረቡዕን ብቻ ነው የሚራበው። እናቴም ይህን ታውቃለች። እኔ ግን ጨርሼ ባልበላስ? ያቺ ባለ ሸራዋ ጀልባ ስንት ትራክ አስቁማ የለም? ትንሽ ናት ተብላ አልተመለሰችም። ጠየቀች፣ ተከፈተላት።

ማንም አልነቃብኝም፤ ጊዜው ፍልሰታ ነውና። የጾም መፍቻ ሰዓት ሲደርስ ለጋሽ ዘውዱ «ቤት እበላለሁ» አልኩት። «ጎበዝ ጾመኛ!» ብሎ ራሴን ዳበሰኝ። ማታ አባቴ «በላሽ?» ሲለኝ «ጋሽ ዘውዱ ጋ በላሁ» አልኩት። «በይ ተኚ።» ሌሊቱን ሆዴ ሲጮህ ትራስ አቀፍኩበት። ውሃ ጠጥቻለሁ፤ ጋሽ ዘውዱ ውሃም አይቀምስ ነበርና ይህ ትንሽ አሳፈረኝ።

ረቡዕ ስንሄድ ድልድዩ ተነስቶ ነበር፤ እኔ ግን ጭንቅላቴን መስኮቱ ላይ አስደግፌ ቆየሁ እንጂ ለሰውዬው እጄን አላነሳሁም። እናቴ ቤት ደረስን። ሽሮውን አቀረበች። ጋሽ ዘውዱ እንደ ልማዱ በሩ ላይ ቆመ። እኔም ሄጄ ከአጠገቡ ቆምኩ።

«ነይ ብዪ እንጂ፣ ሰዓቱ ደርሷል» አለችኝ እናቴ።

«አልበላም።»

«ለምን?»

«እሺ ካላልሽ አልበላም። ትናንትም አልበላሁም።»

እናቴ ጭልፋውን እንደያዘች ቀረች። «ጋሽ ዘውዱ፣ እርስዎ ነዎት እንዲህ ያስተማሯት?»

እሱ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ «ትናንት ምንም አልበላሽም?» አለኝ።

«አልበላሁም።»

«ቤትስ?»

«ቤትም።»

ጋሽ ዘውዱ ባርኔጣውን ወንበር ላይ አስቀመጠ፣ ወደ ቧንቧው ሄዶ እጁን ታጠበ፣ መጥቶ ተቀመጠ። ክረምቱን ሙሉ ሲቀመጥ አይቼው አላውቅም። እንጀራውን ቆረሰ፣ ሽሮውን ጠቀለለ፣ በላ። ቀጥሎ ሌላ ጠቀለለና ወደ አፌ አመጣው። «በይ፣ እኔ በላሁ። አንቺም ጉረሺ።»

የደስታዬን ነገር እንዴት ልናገረው? ሽማግሌው በላ! አለቀ! እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ታለቅስ ነበር፤ ትልልቅ ሰዎች ሲደሰቱ እንደሚያለቅሱ ሰርግ ላይ አይቻለሁ። እኔ ግን ለመጠየቅ እንኳ አፌ ባዶ አልነበረም። እየሳቅኩ በላሁ። እናቴ መጥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችኝና የቀረውን በእጇ አጎረሰችኝ። እጇ ሎሚና ዓሣ ይሸታል።

ስንወጣ እኔን መኪናው ውስጥ አስገብተው ሁለቱ ውጭ ቆመው ጥቂት ተነጋገሩ። እናቴ ራሷን ትነቀንቃለች። የመመለሻዋን ቀን እየተነጋገሩ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

ድልድዩ ላይ ደወሉ ጮኸ፣ መዝጊያው ወረደ። ጋሽ ዘውዱ ሞተሩን አጠፋ።

«መቼ ነው የምትመጣው? ለአዲስ ዓመት ትደርሳለች?» አልኩት። «ቁም ሣጥኑ ውስጥ ቦታዋን አልያዝንባትም፤ አባዬ ጃኬቱን ብቻ ነው የሰቀለበት።»

መንገዱ ወደ ላይ ሲወጣ እያየ መለሰልኝ። «ሜሮንዬ፣ እናትሽ እሺ አላለችም።»

«በልተሃል እኮ!»

«በልቻለሁ።»

«ሽማግሌ ከበላ አለቀ ብለሃል!»

«ብያለሁ። አንቺ ተርበሽ እኔ ባልበላ ለማን ልቆም ነው? እናትሽን አትቀየሚ። ተመልሼ እዚያ ዝምታ ውስጥ አልገባም አለች። አባትሽ አሁን ቢናገርም አልሰማውም፣ አልፏል አለች። እኔም ከእንግዲህ እሷ ቤት ብሄድ እንግዳ ነኝ፤ ሽማግሌነቴ ዛሬ አበቃ።»

አላለቀስኩም። የበላሁት ሁሉ ደረቴ ላይ ቆመ። ያ ሁሉ ትራክ ሞተሩን አጥፍቶ ጸጥ ብሏል፤ በሕይወቴ እንዲያ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። ከሥር ምን እንዳለፈ አላየሁም። መንገዱ ወርዶ ቦታው ሲገጥም፣ መዝጊያው ሲነሳ፣ ከኋላችን ጡሩምባው ሁሉ ሲጮህ፣ ጋሽ ዘውዱ ቁልፉን ለማዞር ጊዜ ወሰደበት።

ቤት ልንደርስ ስንል «ለአባትሽ የምነግረው እኔ ነኝ» አለኝ። «አንቺ ምንም እንዳትዪ፤ ይሄ ልጅ የሚናገረው ነገር አይደለም። ኦኬ?»

«ኦኬ።»

ሚድ ዊልሻየር ውስጥ ደግሞ መኪና ማቆሚያ ማግኘት መከራ ነው። ዕድሜውን የሰው መኪና ሲያቆም የኖረ ሰው ሰፈራችንን ሁለት ጊዜ ዞሮ አጣ። «በይ አንቺ ግቢ፣ ፓርክ አድርጌ እመጣለሁ» ብሎ በሩ ላይ አወረደኝ።

አባቴ ታክሲውን አቁሞ ገብቶ ነበር። ሶፋው ላይ ተቀምጧል፤ ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። ስገባ ቀና አለ።

«ጋሽ ዘውዱስ?»

«ፓርኪንግ እየፈለገ ነው።»

ጉልበቱን አሻሸ። ከዚያ፣ ክረምቱን ሙሉ ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቀኝ። «ዛሬም ሳይቀምሱ ወጡ?»

የጠየቀኝን ብቻ መለስኩ። «ዛሬ በላ።»

«በሉ?» ብድግ አለ። «ሲበሉ አይተሻል?»

«አይቻለሁ። ሽሮ።»

አባቴ መጀመሪያ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ ወደ ወጥ ቤት ሮጠና ውሃውን ከፈተው። ስንት ቀን የተከመረውን ሳህን ማጠብ ጀመረ፤ እያጠበም ያወራል። «ሄጄ ራሴ ነው የማመጣት። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እነግራታለሁ። እነግራታለሁ፣ ሜሮንዬ። ምን እንደሚይዘኝ አላውቅም እኮ፣ ልናገር እልና ጉሮሮዬ ይዘጋል። ከእንግዲህ ብናደድ እንኳ እየተናደድኩ አወራለሁ። ያቺን መጋረጃ ትጠላታለች አይደል? እንቀይራታለን። ሻይ ጣጂ፤ አይ ተይው እኔ እጥዳለሁ፤ ጋሽ ዘውዱ ደክሟቸዋል።» ድምፁ ቀጭን ነበር፣ ፈጣን፣ የሌላ ሰው ድምፅ። አባቴ እንዲህ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ማቋረጥ ነበረብኝ፤ ግን እንዲያቆም አልፈለግኩም። በወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ሰማሁት።

በሩ ተንኳኳ። አባቴ ውሃውን ዘጋ፣ እጁን በሱሪው ጠራረገ፣ እየሳቀ ሊከፍትለት ሄደ።